የውድነሽ ወንበር እስከ ቤተ ልሔም

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ጎረቤቶቻችን እስካሁን «እስኪ ስለ መንገዱ ንገሩን» ይሉናል፤ ባለቤቴ ውድነሽ ደግሞ እኔ አንዴ ወሬ ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለምታውቅ «ጻፈውና ይገላግለን» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት። እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ሰዎች ነው የምጽፈው። ስለ ተራራውና ስለ ሸለቆው ብዙ እንዳትጠብቁ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አዲስ ከተማ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መብራት ምሰሶው ነው።

ውድነሽ ከሰባት ዓመት በፊት በደረሰባት የመኪና አደጋ ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ አቁማለች። ባሕር ዳር ውስጥ በኤሌክትሪክ ወንበሯ እንደ ልቧ ትዞራለች፤ ገበያ ትወጣለች፣ ልብስ ስፌት ቤቷን ራሷ ከፍታ ራሷ ትዘጋለች። አባቷ መሪጌታ አካሉ ጋይንት ውስጥ ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ከአደጋው በኋላ አንድ ጊዜ በኪራይ መኪና ወስጃት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ተሸክሞ ከአባቷ ቤት አስገባት። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት። እሷ ግን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። «ሁለተኛ ሰው ተሸክሞኝ አባቴ ቤት አልገባም። ራሴን ችዬ የምገባ ከሆነ እሄዳለሁ፤ አለዚያ እቀራለሁ» አለች። አምስት ዓመት ቀረች። አባቷም አርጅተው እንደ ድሮው ባሕር ዳር ድረስ መምጣት አልቻሉም።

አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዝቼ ቤት ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው። የተሳፋሪ ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ፣ ምድጃና የውድነሽን ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት ሠራሁበት፤ በኋላው በር የሚዘረጋ የብረት መወጣጫም በየድኩለት። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ለአምፖልና ለስልክ ይበቃል። የወንበሩ ቻርጀር ግን ከቤት መብራት በቀር አይቀበልም፤ ስለዚህ ባደርንበት ሁሉ ገመዳችንን ይዘን መብራት መለመን ግድ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ቤታችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከልክ አልፎ የመጀመሪያውን ቻርጀር አቃጠለው፤ ሌላ ከውጭ አገር እስኪመጣልን ውድነሽ ወራት ሙሉ በሰው እየተገፋች ከረመች። አሁን ያለን ያ የመጣው አንድ ብቻ ነው። መንገድ ላይ እሱ ከተቃጠለ ወንበሩ ይቆማል፣ ውድነሽም ካለ ሸክም አባቷ ዘንድ አትደርስም።

ለዚህ ብዬ አንድ ሳጥን ሠራሁ። ከውጭ የሚመጣው ገመድ መጀመሪያ እሱ ውስጥ ይገባል። መብራቱ ከሁለት መቶ ቮልት በታች ከወረደ ወይም ከሁለት መቶ አርባ በላይ ከወጣ ሳጥኑ ቀጭ ብሎ ይቆርጠዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ታግሦ፣ መረጋጋቱን አይቶ ነው የሚያስገባው። ይህን ሳጥን እንዴት እንደምወደው ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ውድነሽ «ጣውንቴ» ትለዋለች።

ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስንወጣ ደስታዬ እንደ ልጅነቴ የዓመት በዓል ዋዜማ ነበር። ውድነሽ ከኋላ፣ ወንበሯ ከወለሉ ጋር በቀበቶ ታስሮ፣ በሁለት በኩል መስኮት ከፍታ ተቀምጣለች። በመስተዋት ባየኋት ቁጥር ትስቃለች። አስፋልቱን ለቀን ጠጠሩ ላይ ስንወጣ ግን ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ የምስር ጣሳ ወደቀና ወለሉን ሸፈነው። እስከ ዛሬ ከየስንጥቁ ምስር እንለቅማለን።

ከሰዓት በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባን። ባሕር ዳር በዚህ ሰዓት ሸሚዝ ያስወልቃል፤ እዚህ ነፋሱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሲመሻሽ የአንድ ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ አበበች አውቶቡሱን ግቢያቸው እንድናቆም ፈቀዱልንና ገመዳችንን ራሳቸው ተቀብለው ሶኬቱ ላይ ሰኩት። ሳጥኔ ቀጭ አለና ቆረጠ። ቴስተሬን አውጥቼ ስለካ መቶ ስልሳ አምስት ቮልት ነው። የማታ እራት ሰዓት ስለሆነ ከተማው ሁሉ ምድጃውን ለኩሶ መስመሩ ተዳክሟል።

«ምን ሁኖ ነው? የእኛ መብራት አልጣመውም?» አሉ ወይዘሮ አበበች።

«ደካማ መብራት ቻርጀሩን ያግለዋል፤ ሳጥኑ ለዚያ ነው እምቢ ያለው።»

«እንግዳ ቤቴ መጥቶ መብራት አጥቶ ያድራል? ደግ አይደለም» ብለው አዘኑ። እውነትም ከፍቷቸው ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ምድጃ አጠፉ፤ ጎረቤታቸውንም ሂደው «ለአንድ ሰዓት ታገሺልኝ» ብለው አስጠፉ። ቴስተሬ ላይ የጨመረው አራት ቮልት ነው። በባሕር ዳር ሰፈሬ ለእንግዳ ብሎ ምድጃውን የሚያጠፋ ጎረቤት አላውቅም። ወይዘሮ አበበች በከሰል ሽሮ ሠርተው አበሉን። ውድነሽ ሳጥኑን እያየች «ጣውንቴ ከእኔ በላይ ጾመኛ ናት» አለች።

በማግሥቱ ንጋት ላይ መብራቱ ጉልበት አግኝቶ ሳጥኑ ተቀበለ፤ ያገኘነው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የወንበሩ እጀታ ላይ አምስት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አምስቱም ይበራሉ። ማክሰኞ ከሰዓቱን ሙሉ ከተማውን ስለዞረችበት ከእስቴ ስንወጣ የበሩት ሦስት ነበሩ።

ረቡዕ

ወደ ስማዳ፣ ወገዳ የሚወስደው መንገድ ወንበሬ ላይ አላስቀመጠኝም። ገብስ እየታጨደ ነው፤ በየአውድማው በሬ ይዞራል፣ ገለባው መንገዱ ድረስ ይበናል። ቅጥቅጥ ያየ ሁሉ እጁን ያነሣል። መጀመሪያ ሰላምታ መስሎኝ በደስታ አጸፋውን እመልስ ነበር፤ ውድነሽ ናት «ሰዎቹ ሊሳፈሩ ነው እኮ፣ አቁም» ያለችኝ። ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘለው ገቡና አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ውድነሽን አይተው ክው አሉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሰው ቤት ገባሁ» ብለው ሊወርዱ ሲሉ ውድነሽ እጃቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ እንደ ተጋባዥ ተቀምጠው ሄዱ። ሲወርዱ ከጉያቸው የገብስ ቆሎ ዘገኑልንና «ቤታችሁን አምላክ ያቁምላችሁ» ብለው መረቁን። ቤታችን የሚሄድ መሆኑን ያስታወሱት ወዲያው ነው፤ «ሲሄድም ይጠብቅላችሁ» ብለው ጨመሩ።

ወገዳ የተቀበለን አቶ ፈንቴ ነው። በልጅነቱ የመሪጌታ አካሉ ተማሪ ነበር፤ ድጓውን ሳይጨርስ ወጥቶ አሁን ሱቅ አለው። «የየኔታን ልጅ ሆቴል አላሳድርም» ብሎ አጥሩን አንሥቶ አውቶቡሱን ግቢው አስገባ። ገመዱን ስንሰካ ቴስተሬ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት አለ፤ ሳጥኑም ተቀበለ። እልልታ ቀርቶኝ ነው። ውድነሽ በመወጣጫው እየወረደች፣ በአንድ እጇ ብረቱን እንደያዘች፣ በሌላው የፈንቴን ባለቤት ስትጨብጥ ሁለቱም እጃቸውን መነጨቁ።

«ምን ዓይነት ሰላምታ ነው እቴ? ነዘርሽኝ» አለች የፈንቴ ባለቤት።

ሩጬ ገመዱን ነቀልኩት። የግቢው ሶኬት «ኧርዝ» የሚባለው፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ የለውም። ሽቦው ሲኖር ዕቃዎች የሚያፈሱትን ትንሽ ትንሽ መብራት ወደ አፈር ያወርደዋል። ከሌለ የአውቶቡሱ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጥና የነካውን ሰው ይነዝራል፤ ከባድ ብልሽት ከመጣ ደግሞ ይገድላል። ሳጥኔ የመብራቱን ልክ እንጂ ይህን አያይም፤ ኧርዝ የተሟላለት ቤታችን ግቢ ሆኜ ስለሠራሁት ያልታሰበኝ እኔ ነኝ። ያን ዕለት ካለ መብራት አደርን። እጀታው ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ።

ሐሙስ

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እርጥብ ቦታ ቆፍሮ ረጅም ብረት ይተከላል፣ ዙሪያው ጨውና ከሰል ይጨመርበታል፣ ውኃ ይፈስበታል፤ ከዚያ ብረቱ ከአውቶቡሱ ጋር በሽቦ ይታሰራል። ፈንቴ ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ተነሥቼ እርጥብ ቦታ ፈለግኩ። ያገኘሁት ጥግ ላይ፣ ከጎረቤቱ አጥር ሥር፣ የእጣቢ ውኃ የሚፈስበት ነው። ብርዱን ስላልቻልኩ የውድነሽን ጥቁር ሻሽ ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥሜያለሁ። ስሠራ ደግሞ ከራሴ ጋር ማውራት ልማዴ ነው። ቆፈርኩ፣ ከሰል ነሰነስኩ፣ ጨው በተንኩ፣ ቀይ ሽቦ የተጠመጠመበትን ብረት እያጉተመተምኩ መምታት ጀመርኩ።

«አንት ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምትቀብረው?»

ቀና ስል ጎረቤቲቱ እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ በላይ ያዩኛል።

«አይዞዎት፣ ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ክፉውን ስቦ መሬት ውስጥ የሚያስቀር ነው» አልኳቸው፣ ማስረዳቴ እኮ ነው።

«ከእኔ አጥር ሥር?»

«እዚህ ይሻላል፤ ጨውና ከሰሉ ሲረጥብ ደህና አድርጎ ይስባል።»

ሴትዮዋ አማተቡና «ኧረ የሰው ያለህ፣ ደንቃራ ተቀበረብኝ» ብለው ተጣሩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው እንዲታመም፣ ከብት እንዲነጥፍ ብሎ በደጅ የሚቀብር ጠንቋይ ጥቁር ጠምጥሞ፣ ጨውና ከሰል ይዞ፣ እያጉተመተመ ብረት ቢመታ ከእኔ በምን ይለያል? የእትዬ ጥሩነሽ ላም ደግሞ በዚያው ወር ነጥፋ ነበር። በደቂቃ ውስጥ ግቢው በሰው ሞላ። እኔ «ቮልት»፣ «ኧርዝ» ባልኩ ቁጥር ሰዉ አንድ እርምጃ ይሸሻል። ፈራሁ፤ መፍራቴን አልደብቅም።

ፈንቴ የእትዬ ጥሩነሽን የንስሐ አባት ቄስ ሞላን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቄሱ ጉድጓዱን አጎንብሰው አዩና «ይኼ ነገር ሲነካ የሚነዝረውን ያስተዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ አባቴ፣ ለዚያው ነው።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ዲያቆኖቹን ከንፈራቸውን ይነዝራቸዋል። እኛ ሰይጣን ተቃወመን ስንል ነው የከረምነው» አሉና ሳቁ።

እትዬ ጥሩነሽ ግን አልሳቁም። ይህን ጊዜ ውድነሽ በመወጣጫው ወርዳ ሰዎቹን እየከፈለች መጣች። የነበሯትን ሁለት መብራቶች እየፈጀች እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እትዬ፣ ባሌ አመሉ አስቀያሚ ነው እንጂ ድግምት አያውቅም» አለቻቸው። «ሳያስፈቅድ አጥርዎ ሥር መቆፈሩ ጥፋት ነው፤ ይንቀለው። በዚህ በኩል፣ ሁላችሁም እያያችሁ ይትከለው።»

«ጨውስ?»

«ጨው ከእርስዎ ቤት ይምጣ።»

እትዬ ጥሩነሽ ትንሽ አሰቡ። «ከሰሉም ከእኔ ቤት ይሁን፤ የእሱን አላውቀውም» አሉና ገቡ።

ብረቱ ሁለተኛ ጊዜ የተተከለው በግቢው መሃል፣ ቄሱ «በስመ አብ» ብለውበት፣ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ጨውና ከሰል አድርገውበት፣ ውኃውንም ራሳቸው አፍስሰውበት ነው። እንዲታያቸው ብዬ አንድ አምፖል ወስጄ አንዱን ሽቦ ከመብራቱ፣ ሌላውን ከተተከለው ብረት ጋር አገናኘሁ። አምፖሉ ቦግ አለ። ከአፈር ጋር ብቻ ተገናኝቶ የበራ አምፖል ሲያዩ ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ኖሬ እኔም እንደ አዲስ ነገር ልቤ መታ። ከዚያ አውቶቡሱን በባዶ እጄ ነካሁ፤ አይነዝርም። ውድነሽ ነካች። እትዬ ጥሩነሽም በጣታቸው ጫፍ ነክተው «ተወው እንግዲህ፣ ይኑር» አሉ።

ቻርጀሩ ሥራ ጀመረ። ሦስተኛው መብራት እንደበራ ከተማው ላይ መብራት ሄደ። እኩል ቀን ላይ ሲመለስ የፈንቴ ሱቅ አምፖል እንደ ፀሐይ ነጣና ተሰነጠቀ፤ ሬዲዮው ጨሰ። ሳጥኔ ግን እንደ ልማዱ ታግሦ አላስገባውም። ቴስተሩ ሦስት መቶ አርባ ይላል። «ቆጣሪያችሁ ሥር ያለውን ብሬከር አውርዱ» እያልኩ በየደጁ ሮጥኩ። ጠዋት ጠንቋይ ያሉትን ሰው ከሰዓት ማን ይሰማዋል ብዬ ነበር፤ መጀመሪያ ያወረዱት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ፍሪጃቸው ተረፈ። ቻርጀራችንም ተረፈ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ሳጥኑን አቀፍኩት። መብራቱ ግን ያን ቀን አልተስተካከለም። አመሻሹ ላይ እትዬ ጥሩነሽ ትኩስ ዳቦ በሰፌድ ይዘው መጥተው አልጋችን ላይ ተቀምጠው ስለ ላማቸው አጫወቱን።

አርብ

«መብራቱ እስኪስተካከል አንድ ቀን እንቆይ፤ ሦስት መብራት አይበቃም» አልኳት።

«አባቴን አርብ ብያቸዋለሁ። አርብ እሄዳለሁ» አለች። ተነሣን።

ጋይንት ገብተን አርብ ገበያ ከተማ የደረስነው ገበያው በጦፈበት ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ባጃጅ እንደሚሞላው እዚህ መንገዱን የሚሞላው አህያ ነው፤ ጥሩምባ ብነፋ የሚሰማኝ የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቆምን ውድነሽ «መወጣጫውን ዘርጋልኝ» አለች።

«ባትሪው ያልቃል፤ ዳገቱ ይጠብቅሻል።»

«ባዶ እጄን አባቴ ቤት አልገባም።»

ተጨቃጨቅን፤ ተሸነፍኩ። በአህዮቹ መሃል ገብታ ለአባቷ ጋቢ መረጠች፤ በስፌት ባለሙያ ዓይኗ ጥለቱን ገልብጣ እያየች ከሻጩ ጋር ተከራከረች። ሰዉ መንገድ እየለቀቀላት «ኧረ ይችን ወንበር ማን ይነዳታል?» ይባባላል። «እኔ ነኛ» ትላለች። እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ዓይኔ ግን ከእጀታው አልተነቀለም። ስትመለስ ሁለት መብራት ቀርቷል።

ቤተ ልሔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። አውቶቡሱ የሚቆመው ከታች ሜዳው ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ መሪጌታ ቤት የሚወጣው የእግር መንገድ ዳገት ነው። ተማሪዎቹ «የየኔታ ልጅ በወንበር ትመጣለች» ተብሎ ስለተነገራቸው ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉድጓዱን በአፈር ሞልተው ነው የጠበቁን። የመንደሩ ሰዎች ግን ነገሩን ስላላመኑት ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። አራት ጎልማሶች፣ ነጠላቸውን አገልድመው፣ በደግነት ፈገግ ብለው።

የውድነሽ ፊት ተለወጠ። መወጣጫውን ወረደች። ሜዳውን ስታቋርጥ አንዱ መብራት ጠፋ። የቀረው አንድ፣ እሱም ብልጭ ድርግም ይላል።

መሪጌታ ከዳገቱ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከማውቃቸው በጣም አንሰዋል፤ ጥምጣማቸው ከእሳቸው የበለጠ ይመስላል። ልጃቸው አጠገባቸው ስትደርስ ጎንበስ ብለው ሁለቱን ጉንጮቿን፣ ግንባሯን፣ ደግሞ ጉንጮቿን ሳሟት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከቃሬዛው ሰዎች አንዱ ቀረብ ብሎ «ይውጡ እንግዲህ እህታችን፤ ዳገቱ ይከብዳል» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ እሞክረዋለሁ» አለችና ወንበሩን ወደ ዳገቱ አዞረች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ለአንድ ተማሪ ሰጥተው የወንበሩን ጀርባ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሊገፏት መስሎኝ ልከለክላቸው ተጠጋሁ፤ ሸክም እንደማትወድ አልነገርናቸውም። ውድነሽ ዞራ አየቻቸውና ፍጥነቱን ወደ ዝቅተኛው አወረደችው። ወንበሩ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። እኔ ከጎን እየተከተልኩ ያቺን አንዲት መብራት እያየሁ እጸልያለሁ፤ ትጠፋለች፣ ትበራለች። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሞተሩ አጉረመረመ። ያን ጊዜ ነው የመሪጌታን እጆች ያየሁት። አይገፉም ነበር። ክብደታቸውን በሙሉ ወንበሩ ላይ ጥለው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ በልጃቸው ተስበው ነው የሚወጡት።

«ደከመዎት አባባ? ልቁም?» አለቻቸው ፊቷን ሳታዞር።

«አትቁሚ ልጄ፤ ከቆምሽ እኔም መነሣት አልችል። ይኸን ዳገት ብቻዬን ከወጣሁት ዓመት አልፎኛል» አሉ።

አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ የቃሬዛውን ሰዎች ጠራ። አራቱም ከኋላችን ፈጥነው ደረሱና «የኔታ፣ እርስዎን እንያዝዎ» አሏቸው።

መሪጌታ እጃቸውን ከወንበሩ ሳይለቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቃሬዛውን መልሱት» አሉ። «ልጄ ይዛኛለች።»